በመንኰራኵር ላይ ስላለ ቤት

ከተማ የሚባለው ቃል ዛሬ የድንጋይ ቤትና የተጠረገ መንገድ ያለበትን ስፍራ ያሳስባል እንጂ በጥንት ጊዜ አገባቡ ሌላ ነበረ። ከተመ ማለት ጓዙን አራግፎ ድንኳኑን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነው፤ የንጉሥ ከተማም ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሰፈረበት ሜዳ ነበረ እንጂ ግንብ አልነበረም። ሰፈር የሚለውም ስም ሰፈረ ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ስለ ሆነ፥ ከአባቱ በወረሰው ቤት ተወልዶ ያረጀ ሰው እንኳ ሰፈሩን በስሙ ሲጠራ ሳያውቀው የመንገደኛ ቃል ይናገራል። ደብተራ የሚለው የግዕዝ ስም ደግሞ አስቀድሞ የድንኳን ስም ነበረ፤ በኋላ ግን በድንኳኑ ለሚያገለግለው ሊቅ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ሲጽፍ፥ ድንኳኑ ሁሉ በሥርዐት የሚተከል፥ የቤተ ክርስቲያኑም ድንኳን ስፍራው የታወቀ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ሰፈሩ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ሲዛወር እያንዳንዱ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ቦታውን ያገኝ ነበረ። የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ ማገዶውና እህሉ ሲያልቅ ነው። (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅ።)

ይህ አሳብ የተነሣበት ምክንያት በሰሜን አሜሪካ በዩናይትድ ስቴትስ ቤታቸውን በመኪና ላይ ሠርተው ወይም በመኪና እያስጐተቱ፥ ክረምት ከበጋ በሕዝብ መሬት ላይ እየሰፈሩና እየተነሡ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው። ከእነርሱ አንዳንዱ ባለጠጋ ነው፤ የመኪና ቤቱ ዋጋ ከብዙ ሰው የድንጋይ ቤት ይበልጣል። አንዳንዱ ደግሞ ጡረታው ለቤት ኪራይ የማይበቃው ሽማግሌ ነው፤ በአሮጌ የዕቃ መኪና ውስጥ ፍራሹን ዘርግቶ ያድራል። ከሩቅ ለሚያያቸው ሁለቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ እሳት ያነዳሉ፥ ውሃ በልክ ይጠጣሉ፥ ሲመሽም በራቸውን ዘግተው ይተኛሉ። ሕግ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ አያያቸውም። የዚህም ልዩነት ሥር ሲፈለግ ከመቶ ዓመት በፊት ይገኛል።

ኑሮው ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ መጠንቀቅን ይጠይቃል። የሚጠጣውና የሚታጠቡበት ውሃ ከመኪናው ወለል በታች በተሠራ በርሜል ይያዛል፤ የታጠቡበትም እድፍ ውሃ በሁለተኛ በርሜል፥ የመጸዳጃው በሦስተኛ በርሜል ይጠራቀማል። ይህም በየሜዳው አይደፋም፤ ለዚህ ወደ ተሠራ ስፍራ ተወስዶ ይፈስሳል። በጣራው ላይ የተዘረጋው ሠሌዳ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጠ ባትሪውን ይሞላል፤ ሰማዩ ሦስት ቀን ደመና ከሆነ ግን ባለቤቱ መብራቱን ቈጥቦ በጊዜ ይተኛል። ከመብራትና ከውሃ መስመር ተለይቶ እንዲህ መስፈርን አሜሪካውያን ቡንዶኪንግ ይሉታል። ቡንዶክ በፊሊፒን ደሴቶች በታጋሎግ ቋንቋ ተራራ ማለት ነው። ከ1899 ጀምሮ በዚያ የተዋጉት የአሜሪካ ወታደሮች ሩቅና ዱር የሆነውን አገር ሁሉ በዚህ ስም መጥራት ለምደው፥ ሲመለሱ ቃሉን ይዘውት ገቡ። እንዲህም ሆኖ የተወጋው ሕዝብ ቃል ለወጊው ሕዝብ የዕረፍት ስም ሆነለት።

አሁን ስለ መሬቱ መናገር ያስፈልጋል፤ ያለ መሬቱ የመኪናው ታሪክ አይገባምና።

የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት በሕዝብ ስም የያዘው መሬት ወደ 640 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል፤ ይኸውም ከአገሩ ስፋት ከ4 እጅ 1 እጅ የሚበልጥ ነው። ከዚህም ውስጥ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የሚባለው መሥሪያ ቤት ብቻውን 245 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይጠብቃል፤ ይህ ወደ 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ከኢትዮጵያ ስፋት እምብዛም አያንስም። የሚበዛውም በምዕራብ በኩል ባሉት ደረቅ አገሮች፥ በኔቫዳ፥ በዩታ፥ በአሪዞና፥ በካሊፎርንያና በመሳሰሉት ይገኛል።

ይህ መሬት ቀድሞ ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ የነባሮቹ ሕዝቦች ርስት ነበረ። ከፊሉ በ1803 ከፈረንሳይ በገንዘብ ተገዛ፤ ከፊሉ በ1848 ከሜክሲኮ በጦርነት ተወሰደ፤ ሻጩም ተሸናፊውም በመሬቱ ላይ የሚኖሩትን አልጠየቁም። በኔቫዳ ያሉት የምዕራብ ሾሾኒ ሕዝብ በ1863 በሩቢ ሸለቆ ከመንግሥቱ ጋር ውል አደረጉ። በኋላም ውሉ መንገደኛ እንዲያልፍ የሚፈቅድ የሰላም ውል እንጂ መሬት የተሸጠበት ውል አይደለም ብለው ብዙ ዘመን ተከራከሩ። በ1985 ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመሬታቸው ዋጋ በመንግሥት ግምጃ ቤት በስማቸው ስለ ተቀመጠ እንደ ተከፈላቸው ይቈጠራል ብሎ ፈረደ፤ እነርሱ ግን ገንዘቡን በእጃቸው አልተቀበሉም ነበር። እንግዲህ የሕዝብ መሬት ሲባል የትኛው ሕዝብ ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው የሚገባ ነው።

መንግሥቱ መሬቱን በእጁ ካደረገ በኋላ ሊያስቀረው አላሰበም ነበር፤ ሊሸጠውና ሊያድለው ነበረ እንጂ። በ1785 በወጣው ደንብ መሬቱ እየተለካ 6 ማይል በ6 ማይል ይከፈል፥ ያም በ36 ክፍል ይመደብ ጀመር። በሜይ 20 ቀን 1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የፈረሙት የሰፋሪዎች ሕግ ደግሞ 160 ኤከር፥ በኢትዮጵያ ልክ ከ1 ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት፥ 5 ዓመት ተቀምጦ ላለማው ሰው እንዲሰጥ አዘዘ። በዚህም ሕግ 270 ሚሊዮን ኤከር ያህል የግል ርስት ሆነ። ለምለሙ እንዲህ ሲያልቅ፥ ዝናም የማይዘንብበት ፈላጊ አጥቶ ቀረ። ባለከብቶችም ያለ ልክ አሰማሩበትና ሣሩ ተነቅሎ አፈሩ በነፋስ ተነሣ። ስለዚህ በጁን 28 ቀን 1934 ቴይለር በሚባል እንደራሴ ስም የተጠራው የግጦሽ ሕግ ወጥቶ ከብት ሁሉ በፈቃድና በልክ እንዲሰማራ ታዘዘ። ይህን ቀን አንባቢ ያስታውሰው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሰኔ 21 ቀን ነው፥ በዚህም ታሪክ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በ1946 የመሬት አስተዳደር ቢሮ ተቋቋመ፤ በ1976 የወጣውም ሕግ የቀረው መሬት በሕዝብ እጅ እንዲቈይ ወሰነ። ዛሬ በበረሃ መኪናውን አቁሞ የሚያድር ሰው እንግዲህ የሚያድረው ገበሬ በናቀው መሬት ላይ ነው።

ወደ ሠረገላው ስንመለስ፥ ቤትን በመንኰራኵር ማስኬድ ከሞተር በፊት የነበረ ነገር ነው። በዋዮሚንግ የነበሩ የበግ እረኞች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አልጋና ምድጃ ያለው፥ በፈረስ የሚጐተት፥ በሸራ የተሸፈነ ሠረገላ ነበራቸው። የሞተሩ ዘመን ግን ከእረኛ ሳይሆን ከባለጠጋ ጀመረ። ፒርስ አሮው የሚባል የመኪና ፋብሪካ በ1910 በኒው ዮርክ ለዕይታ ያቀረበው መኪና የኋላ መቀመጫው ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን፥ ከነጂው መቀመጫ ጀርባ የሚታጠፍ የእጅ መታጠቢያ ያለው፥ ጌታውም ከነጂው ጋር በስልክ የሚነጋገርበት ነበረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሚስተር ሄንሪ ፎርድ፥ ሚስተር ቶማስ ኤዲሰን፥ የጐማው ነጋዴ ሚስተር ሃርቪ ፋየርስቶንና ስለ ወፍና ስለ ዱር ይጽፍ የነበረው ሽማግሌ ጆን ባሮውዝ ራሳቸውን ዘዋሪዎች ብለው በበጋ በድንኳን ያድሩ ነበር። በ1921 በሜሪላንድ በሰፈሩ ጊዜ ፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ መጥተው አብረዋቸው ሰነበቱ። ጋዜጦች ይህን የትሕትና ኑሮ እያሉ አመሰገኑት፤ ነገር ግን ወጥ ቤትና አሽከር፥ ፎቶግራፍ አንሺና የዕቃ መኪና ይከተላቸው ነበርና ድንኳኑም በኤዲሰን ባትሪ ይበራ ነበርና ትሕትናው ከሩቅ የሚታይ ትሕትና ነበረ። ሆኖም ሥራቸው ያለ ፍሬ አልቀረም። በርካሽ መኪና ሊዞር የሚችል ተራ ሰው ሁሉ እነዚህ ካደሩ እኔስ ምን ይከለክለኛል አለ።

ተራው ሰው በ1919 በፍሎሪዳ በታምፓ ከተማ ተሰብስቦ የጣሳ መንገደኞች የሚል ማኅበር አቋቋመ። አባሉ እንዲታወቅ በመኪናው ራዲያተር ክዳን ላይ ባዶ ጣሳ ይበይድ ነበር፤ በጣሳ የታሸገ ምግብ ስንቃቸው ነበርና።

በዚህ ጊዜ የሆነውን ነገር በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ለመንገደኛ መኪና ሁሉ በነጻ የሚታደርበት ሜዳ ከፈቱ። ውሃ፥ መብራት፥ ማብሰያ ስፍራ፥ መታጠቢያ አዘጋጁ፤ አንዱ ከተማ ከሌላው እየተፎካከረ ሜዳውን አሳመረ። የዴንቨር ከተማ የኦቨርላንድ ሜዳ ከሁሉ የታወቀው ነበረ። ነጋዴዎቹ ያደረጉት ስለ እንግዳ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ያደረ ሰው ጧት ቤንዚንና ዳቦ ይገዛል ብለው ነው። ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ግን አሮጌ መኪና የያዘ፥ ልጆቹን የጫነ፥ ሥራ የሚፈልግ ሰው ይመጣ ጀመር፤ እርሱም ጧት አይነሣም፥ ብዙም አይገዛም። ከተሞቹ በግልጽ ድሃ አይግባ አላሉም፤ ማለትም አልተመቻቸውም። ያደረጉት ሁለት ነገር ነው፤ በሌሊት 25 ወይም 50 ሳንቲም ማስከፈልና የሚታደርበትን ቀን መወሰን። ክፍያውና የቀኑ ገደብ ባለጠጋውን አልነካውም፤ ገፍቶ የሄደው ድሃው ብቻ ነው። የሠፈሪን ቀን መቍጠር በአሜሪካ ሕግ የገባው በዚህ በር ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

ከ1929 የገበያ ውድቀት በኋላ፥ ይልቁንም በሜዳው አገር ድርቅና የአፈር ማዕበል በተነሣ ጊዜ፥ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከኦክላሆማ፥ ከቴክሳስ፥ ከካንሳስና ከአርካንሳስ በአሮጌ መኪና ፍራሽና ድስት ጭኖ ወደ ካሊፎርንያ ተሰደደ። ይህ በመንኰራኵር ላይ የሆነ ቤት ነበረ፤ ነገር ግን የጣሳ መንገደኛ ብሎ የጠራው ማንም የለም። በፌብሩዋሪ 1936 የሎስ አንጀለስ የፖሊስ አዛዥ 136 ፖሊሶች ወደ ካሊፎርንያ ጠረፍ ልኮ ገንዘብና ሥራ የሌለው መንገደኛ እንዲመለስ አደረገ። የአንድ ከተማ ፖሊስ ከከተማው ብዙ መቶ ማይል ርቆ የአገር ድንበር መጠበቁ በሕግ የሚደገፍ ስላልነበረ ሥራው ከጥቂት ሳምንት በላይ አልቈየም። በዚያው ዘመን የመካከለኛው መንግሥት በአርቪን አጠገብ ለስደተኞቹ ሠፈር ሠራ፤ ውሃና መታጠቢያ አገባላቸው፥ ሠፈሩንም ራሳቸው በመረጧቸው ሰዎች እንዲያስተዳድሩ ተዋቸው። ጆን ስታይንቤክ በ1939 ያሳተመው የታወቀ መጽሐፍ ስለ እነዚህ ስደተኞች የተጻፈ ነው።

በካሊፎርንያ ደግሞ ድሃ መሆኑን እያወቀ ሌላ ሰው ወደ አገሩ ያስገባ ይቀጣል የሚል ሕግ ነበረ። ኤድዋርድስ የሚባል ሰው በ1939 መጨረሻ ወደ ቴክሳስ ሄዶ ሥራ ያጣውን የሚስቱን ወንድም በመኪናው ጭኖ አመጣ። ለዘመዱ ያደረገው ይህ በጎ ሥራ ወንጀል ሆኖበት ተከሰሰ፤ ተፈረደበትም። ነገሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በኖቬምበር 24 ቀን 1941 ዳኞቹ ሁሉ ሕጉ ፈራሽ ነው ብለው ተስማሙ። ገንዘብ ማጣት የሰውን የመዘዋወር መብት እንደማያጠፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸና። ድሃ መሄድ እንደሚችል ተፈረደ፤ የት መቀመጥ እንደሚችል ግን አልተፈረደም፤ ጥያቄው አልቀረበምና። ይህ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ 83 ዓመት ቈይቶ ይመጣል።

በመካከሉ ያለው ዘመን የተድላ ዘመን ስለ ሆነ በአጭሩ ይታለፋል። የ1929ን የገበያ ውድቀት ቀድሞ በመናገሩ የታወቀው ሮጀር ባብሰን በ1930ዎቹ አጋማሽ፥ በ20 ዓመት ውስጥ ከአሜሪካ ሕዝብ እኩሌታው የሚበልጠው በተሳቢ ቤት ይኖራል ብሎ ተናገረ። አንድ ጊዜ የተሳካለት ተንባይ ሁለተኛውን ባይሞክር ይሻለዋል፤ ነገሩ አልሆነም። የመኪና ቤት ግን እየረከሰና እየበዛ ሄደ።

ይሁን እንጂ ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መነገር ይገባዋል። ወሊ ባያም የሚባለው የኤርስትሪም ተሳቢ ቤት ሠሪ በ1896 በኦሪጎን ተወለደ፤ በልጅነቱም በግ ሲጠብቅ አህያ በሚጐትተው ምድጃ ባለበት ሠረገላ ያድር ነበር። ካደገም በኋላ በ1936 እንደ እንቍላል የከበበ፥ በአሉሚኒየም የተለበጠ ተሳቢ ቤት ሠራ። ቤቱን ለሸጠላቸው ሰዎች መንገድ ሊያሳይ ብሎ በ1959 የ41 ተሳቢ ቤት ጭፍራ እየመራ ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሣ። መንገድ የሚባል በሌለበት እየጠረጉ፥ በጭቃ የተያዘውን እየጐተቱ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ አዲስ አበባም ሲደርሱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ነገሩ ለሚያስተውለው ጣዕም አለው። የቀደሙት ነገሥታት ዘመናቸውን ሙሉ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲዛወሩ ኖረው፥ አዲስ አበባም ማገዶዋ አልቆ ልትነሣ ስትል ባሕር ዛፍ ከደረሰላት ገና 60 ዓመት ገደማ ነበረ። አሁን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለጠጋ ሕዝብ ቤት መጎተትን እንደ አዲስ ነገር ያሳይ ነበር። ጭፍራው በ1960 ካይሮ ደረሰ፤ ባያም በ1962 ሞተ።

በአሪዞና በረሃ ኳርትዝሳይት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በበጋ ሙቀቱ የማይቻል ስለ ሆነ ነዋሪዋ ጥቂት ነው፤ በክረምት ግን ሜዳው በመኪና ቤት ይሸፈናል። የመሬት አስተዳደር ቢሮ ለአንድ ሠፋሪ በአብዛኛው የሚፈቅደው በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ተነሥቶ፥ በብዙ ስፍራ ቢያንስ 25 ማይል፥ ወደ ሌላ መሄድ አለበት። ምክንያቱ ሣሩ እንዲያገግም፥ ቆሻሻው እንዳይበዛ፥ መሬቱም ቀስ ብሎ የአንድ ሰው ርስት ሆኖ እንዳይቀር ነው፤ ይህም ያለ ፍርድ የተባለ አይደለም፤ የዐፄዎቹም ሰፈር ማገዶ ጨርሶ የሚነሣው ያለ ምክንያት አልነበረምና። ሆኖም ሽማግሌዎቹ በየሁለት ሳምንቱ መነሣት ስለ ከበዳቸው፥ በ1983 በኳርትዝሳይት አጠገብ ላ ፖሳ በሚባለው ሜዳና በሌሎች ጥቂት ስፍራዎች ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15፥ ይኸውም ከመስከረም 5 እስከ ሚያዝያ 7 ቀን፥ 7 ወር ሙሉ መቀመጥ ተፈቀደ። ክፍያው ብዙ ዓመት ለ7ቱ ወር 180 ዶላር ሆኖ ቈየ፤ ይህ በከተማ የአንድ ሳምንት ኪራይ እንኳ የማይሆንበት ስፍራ ብዙ ነው።

በዚህች ከተማ መቃብር ራስ ላይ ግመል የቆመበት የድንጋይ ፒራሚድ ይታያል። በ1856 የአሜሪካ ጦር በረሃውን በግመል ለመሻገር አስቦ ከኦቶማን መንግሥት ግዛት ግመሎችንና ነጂዎችን አስመጣ። አሳቡ ብዙ አልቈየም፤ ግመሎቹም ተሸጡ፥ ከፊሎቹም በበረሃ ተለቀቁ። ከነጂዎቹ አንዱ ሐጂ ዓሊ በዚያው ቀርቶ በ1902 ሞተ። አሜሪካውያን ስሙን መጥራት ስላልቻሉ ሃይ ጆሊ አሉት፤ ይህም በቋንቋቸው ሰላም አንተ ደስተኛ እንደ ማለት ይሰማል። በመቃብሩም የተጻፈው ይህ ስም ነው። በየክረምቱ የሚመጡት ሠፋሪዎች ወደ ፒራሚዱ ሄደው ያዩታል።

ከዚያ በስተ ምዕራብ በካሊፎርንያ ስላብ ሲቲ የሚባል ሌላ ሰፈር አለ። በ1942 የተሠራ የባሕር ኃይል ወታደሮች ማሠልጠኛ ነበረ፤ በ1956 ሲፈርስ ቤቶቹ ተወስደው የሲሚንቶ ወለላቸው ብቻ ቀረ፤ ስላብ ማለትም ይህ ወለል ነው። መሬቱ ክፍል 36 ስለ ሆነ፥ በጥንቱ ምደባ ለትምህርት ቤት መተዳደሪያ የተቈረጠ ነበረ፤ ነገር ግን ማንም ስላልፈለገው መንገደኞች በወለሉ ላይ መኪናቸውን እያቆሙ መኖር ጀመሩ። ኪራይ የለም፤ መብራትና ውሃም የለም። በ1984 ሊዮናርድ ናይት የሚባል ሰው በዚህ ስፍራ ኰረብታ መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ የሠራው በአምስተኛው ዓመት ተናደ። አላዘነም፤ የኢትዮጵያ ባላገር ቤቱን እንደሚመርግ ጭቃና ጭድ አቡክቶ እንደ ገና ሠራው፥ ሰዎች በሚሰጡትም ቀለም ቀባው፤ የእግዚአብሔርንም ፍቅር የሚናገር ጽሕፈት በታላላቅ ፊደል ጻፈበት። ራሱ በኰረብታው ግርጌ በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ ያለ መብራትና ያለ ውሃ ወደ 30 ዓመት ያህል ኖረ። በ1994 የአውራጃው ሹማምንት ቀለሙ መሬቱን መርዟል ብለው ሊያስነሡት አስበው ነበር፤ በሌላ ስፍራ የተመረመረው አፈር ግን ይህን አላሳየምና ኰረብታው ቀረ። ናይት በ2014 ዐረፈ። ስለ ሰውዬው ትምህርት የሚባል ነገር ቢኖርም፥ ከመሬቱ ላይ አንድ ስንዝር የእኔ ነው ሳይል ይህን ያህል ዘመን በአንድ ስፍራ የጸና ሠፋሪ በዚህ ታሪክ ሌላ አይገኝም።

በ2008 የቤት ገበያ በወደቀ ጊዜ የድሮው ስደት በሌላ መልክ ተመለሰ። ቤታቸውን ባንክ የወሰደባቸው፥ ለእርጅና ያስቀመጡት ገንዘብ የጠፋባቸው ሰዎች በመኪና መኖር ጀመሩ። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ብዙዎች በልደት በዓል ሰሞን በዕቃ መጋዘን፥ በመከር በስኳር ቀይ ሥር ማሳ፥ በበጋ በመንግሥት የመዝናኛ ሜዳዎች ዘበኛና መጸዳጃ ጠራጊ ሆነው እየዞሩ ሠሩ። ጋዜጠኛዋ ጀሲካ ብሩደር ከእነርሱ ጋር ዞራ በ2017 መጽሐፍ ጻፈች፤ ከዚያም የተሠራው ፊልም በ2021 የኦስካርን የመጀመሪያ ሽልማት አገኘ። ቦብ ዌልስ የሚባል ሰውም ከ2010 ገደማ ጀምሮ በየጃንዋሪው በኳርትዝሳይት አጠገብ ሰብስቧቸው፥ አዲስ የሚገባውን ሰው ባትሪ እንዴት እንደሚቀጠል፥ ውሃ እንዴት እንደሚቈጠብ፥ በከተማ ሳይታዩ እንዴት እንደሚታደር ያስተምር ነበር። የመጨረሻው ትምህርት የትኛውን ዓይነት መንገደኛ እንደሚመለከት መግለጥ አያስፈልግም። አድራሻ የሌለውም ሰው መንጃ ፈቃድ ለማውጣትና ለመምረጥ ስለሚቸገር፥ በ1978 የተቋቋመው ኤስኬፒስ የተባለው የመንገደኞች ማኅበር በቴክሳስ በሊቪንግስተን ደብዳቤ ይቀበልላቸዋል።

በዚህ ስፍራ ሕጉ የሚለያይበት ነጥብ ይገለጣል። በብሔራዊው ደን ለ14 ቀን ማደር በብዙ ስፍራ የተፈቀደ ነው፤ ደኑን ያለ ፈቃድ መኖሪያ ማድረግ ግን የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ዛፍ ሥር በአንድ ዓይነት መኪና አንድ ሌሊት ቢያድሩ፥ ሌላ ቤት ያለው ዕረፍተኛ ነው፤ ሌላ ቤት የሌለው ግን ተላላፊ ሊባል ይችላል። የሚያደርጉት ሥራ አንድ ነው፤ የሚለያቸው በሌላ አገር ያለው ወይም የሌለው ቤት ነው። ያለው ይጨመርለታል የሚባለው ነገር በድንኳን መትከል ላይም ደረሰ።

ከ1941 ጀምሮ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ በ2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። በኦሪጎን ያለችው ግራንትስ ፓስ የምትባል ከተማ በሕዝብ ስፍራ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ማደርን በመቀጫ ከልክላ ነበር፤ ከከሳሾቹም አንዷ በመኪናዋ የምታድር ሴት ነበረች። በጁን 28 ቀን፥ የግጦሹ ሕግ ከወጣ ልክ በ90ኛው ዓመት፥ 6 ዳኞች በ3 ላይ በርክተው ከተማዪቱ መቅጣት ትችላለች ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች ተመሳሳይ ደንብ ስላወጡ፥ ከከተማ የሚነሣው ሰው መድረሻው ያው የሕዝብ መሬት ሆነ። በሜይ 1 ቀን 2025 ደግሞ በዚያው በኦሪጎን ከቤንድ ከተማ በስተ ደቡብ ያለው የዴሹትስ ደን ክፍል፥ ዛፍ ለመመንጠርና የእሳት አደጋ ለመቀነስ ተብሎ ተዘጋ። በደኑ ውስጥ በመኪና ቤት ለብዙ ጊዜ የኖሩት ሁሉ ተነሡ። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም፤ ደኑ በእውነት እሳት የሚያሰጋው ነው። ነገር ግን ሞተሩ የማይነሣ መኪና የያዘ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክት ሌላ ትእዛዝ አብሮ አልወጣም።

በዚያው ወራት በዋሽንግተን ሸንጎ የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ በምዕራብ ካሉት 11 አገሮች ከ2 ሚሊዮን ኤከር የሚበልጥ የሕዝብ መሬት ለቤት መሥሪያ እንዲሸጥ የሚል አሳብ በበጀቱ ሕግ ውስጥ አገቡ። የቤት እጦትን ያስወግዳል የሚል ምክንያት ነበረው። ተቃዋሚው ግን ከሁሉ ወገን ተነሣ፤ አዳኞች፥ ዓሣ አጥማጆች፥ ባለከብቶች፥ ውድ የመኪና ቤት ያላቸውም በአሮጌ መኪና የሚያድሩትም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ቀድሞ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ፥ አንዱ የሌላውን እሳትና ቆሻሻ የሚከስሱ ነበሩ። ሴናተሩ አሳባቸውን መልሰው የወሰዱት በጁን 28 ቀን 2025 ነው። መሬቱ በሕዝብ ስም እንደ ተጻፈ ቀረ፤ በላ ፖሳም ሜዳ መስከረም 5 ቀን የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ገብተው ሰፈሩ።